ዲግሪው ብቻውን መናገር ሲያቅተው

የመውጫ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር ያው ክርክር ይነሳል። አንዱ «ዲግሪ ወረቀት ነው» ይላል። ሌላው «ውጤት ያለው ሥራ አያጣም» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው «ሰው ካለህ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ለግቢ ተማሪ የሚተርፈው ግራ መጋባት ነው። ጂፒኤ፣ ማለትም አማካይ ውጤቱ፣ ላይ ይረባረብ? ለመውጫ ፈተናው ይዘጋጅ? ወይስ ሁለቱንም ቸል ብሎ ኮዲንግ ይማር?

ጥያቄው እንዲህ በ«ወይስ» ከቀረበ መልስ የለውም። እነዚህ ነገሮች የሚለኩት የተለያየ ነው። የሚወሰኑበት ጊዜም የተለያየ ነው። ብዙ ተማሪ የሚጎዳው በስንፍና ሳይሆን አንዱን በሌላው ጊዜ ሲያደርገው ነው። ይህን ለማየት ግን መጀመሪያ ማጣሪያዎቹ ከየት እንደመጡ ማወቅ ያስፈልጋል።

በሩ ሰፋ፣ ምልክቱ ደበዘዘ

በ1980ዎቹ አጋማሽ በኢትዮጵያ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ነበሩ፤ አዲስ አበባና ዓለማያ፣ የዛሬው ሐረማያ። ያኔ ዲግሪ የያዘ ሰው መጣ ማለት በጠባብ በር ያለፈ ሰው መጣ ማለት ነበር። ቀጣሪው ብዙ መጠየቅ አያስፈልገውም። ዲግሪው ራሱ ይናገር ነበር።

ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። የግል ኮሌጆች በየከተማው ሞልተዋል። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በተጀመረው «70/30» በሚባለው ፖሊሲ ደግሞ አብዛኛው ተማሪ ወደ ኢንጂነሪንግና ተፈጥሮ ሳይንስ ተመራ። መስፋፋቱ ብዙ ቤት ገብቷል። በቤተሰቡ የመጀመሪያው ዲግሪ የያዘ የገበሬ ልጅ ዛሬ ብርቅ አይደለም። ላብራቶሪው፣ መጽሐፉና መምህሩ ግን በተማሪው ቁጥር ልክ አላደጉም።

ኢኮኖሚስቶች «ሲግናል» የሚሉት ነገር አለ። ምልክት ማለት ነው። ቀጣሪ የአመልካቹን ችሎታ በዓይኑ አያይም። ስለዚህ በሚታይ ነገር ይገምታል። ምልክት የሚጠቅመው ደግሞ አንዱን ከሌላው ሲለይ ነው። ለአንድ የሥራ መደብ የሚያመለክቱት በሙሉ ዲግሪ ካላቸው፣ ዲግሪው መለየቱን ያቆማል። ቀጣሪው ሌላ ማጣሪያ ይፈልጋል። በማስታወቂያ ላይ የምናየው የጂፒኤ ገደብ፣ ሀገር አቀፉ የመውጫ ፈተናና ቀጣሪው ራሱ የሚያወጣው የጽሑፍ ፈተና ሥራቸው አንድ ነው። ዲግሪው መናገር ያቃተውን እንዲናገሩ ነው የመጡት።

ስለዚህ «ዲግሪ ዋጋ የለውም» የሚለው አባባል ከእውነቱ ያልፋል። ዲግሪ ድሮ ሥራውን ያስይዝ ነበር። አሁን ለመወዳደር ያስመዘግባል። ያለ እሱ መዝገቡ ላይ መስፈር የለም።

መውጫ ፈተና፦ ቁጥሩ ምን ይላል?

መውጫ ፈተና በሕግና በጤና ትምህርት ቀደም ብሎ ነበር። ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በሀገር ደረጃ የተሰጠው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በሐምሌ 2015 ነው። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው።

በዚያ የመጀመሪያ ዙር 150,184 ተማሪዎች ተፈተኑ። ያለፉት 61,054 ናቸው፤ 40.65 ከመቶ። በመንግሥት ተቋማት ካሉት 62.37 ከመቶ አለፉ። በግል ተቋማት ካሉት ያለፉት 17.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ።

ይህን ልዩነት አይቶ «የግል ኮሌጅ አያስተምርም» ማለት ይቀላል። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ተማሪ በ12ኛ ክፍል ውጤቱ ተመርጦ ነው። የግሉ ተማሪ ብዙ ጊዜ ያ በር የተዘጋበት ነው። ከመካከላቸው ቀን ሠርቶ ማታ የሚማር አለ፤ ትምህርት አቋርጦ የተመለሰም አለ። ሁለቱን በመውጫው በር ላይ ብቻ ማነጻጸር፣ አንዱ ከታች ሌላው ከመሃል የተነሱ ሯጮችን መድረሻው ላይ እንደማየት ነው። ይህ ሲባል ግን 17 ከመቶ በመነሻ ልዩነት ብቻ ይገለጻል ማለት አይደለም። ክፍል ሳይገባ ግሬድ የሚሞላበት ተቋም እንዳለ ሁሉም ያውቃል።

በፈተናው ላይ ያሉት አስተያየቶች ሁለቱም ክብደት አላቸው። የሚደግፉት፣ ከሩቅ ዩኒቨርሲቲ ወይም ስሙ ካልታወቀ ኮሌጅ የመጣ ጎበዝ ተማሪ ራሱን የሚያሳይበት አንድ መድረክ አገኘ ይላሉ። የሚተቹት ደግሞ አራት ዓመት የተለፋበትን ነገር በአንድ ቀን የምርጫ ጥያቄ መመዘን ተገቢ አይደለም ባይ ናቸው። በዚያ ላይ ትምህርቱ የተቆራረጠበትና በሰላም የተማረው በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ። ኮሮና በመጋቢት 2012 ግቢዎቹን ባዶ አድርጓል። ጦርነቱ በትግራይ፣ ኋላም ግጭቱ በአማራ ክልል የብዙ ተማሪዎችን ሴሚስተር በልቷል። የኔ ግምት ፈተናው የማስተማር ድክመትን አይፈውስም ነው። ይደብቀው የነበረውን መጋረጃ ግን ገልጦታል።

ለተማሪው ዋናው ቁም ነገር ሌላ ቦታ ነው። ፈተናው የሚያተኩረው ከየዓመቱ በተመረጡ ዋና ዋና ኮርሶች ላይ ነው። የግቢው የጥናት ልማድ ደግሞ ተቃራኒውን ያስተምራል። ሃንድአውት ይሰበሰባል፤ ከሲኒየር ያለፈ ዓመት ጥያቄ ይገኛል፤ ሦስት ሌሊት ይታደራል፤ ይፈተናል፤ ይረሳል። ይህ ዘዴ ለፋይናል ይሠራል። ጥሩ ግሬድም ያመጣል። ሁለተኛ ዓመት ላይ በእንዲህ ያለ ሁኔታ «ኤ» የተገኘበት ኮርስ ግን አራተኛ ዓመት ላይ እንደ አዲስ ትምህርት ነው የሚመጣው። ጥሩ ጂፒኤ ያለው ተማሪ መውጫ ፈተና ላይ ሲወድቅ ሰው የሚገረመው ይህን ሳያስተውል ነው።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ ቀደም ብሎ ግን መጀመር አለበት። ከፋይናል በኋላ፣ ወደ ቤት ከመሄድ በፊት፣ ለእያንዳንዱ ዋና ኮርስ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ በእጅ መጻፍ። ዋናዎቹ ሐሳቦች፣ ቀመሮች፣ ሁልጊዜ የሚያምታቱት ነገሮች። ትኩሱ ሳይበርድ ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ሥራ ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። የትኞቹ ኮርሶች እንደሚካተቱ የሚያሳየውን ዝርዝር፣ ብሉፕሪንት የሚባለውን፣ ከዲፓርትመንት መጠየቅም ለጂሲ፣ ማለትም ለተመራቂ ዓመት፣ ተማሪ ብቻ የተፈቀደ ነገር አይደለም። ሦስተኛ ዓመት ላይ ቢታይ ይሻላል።

ስለ አጠናን አንድ ነገር ልጨምር። ደጋግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜት ይሰጣል። ገጹ ዓይን ስለለመደው የገባን ይመስለናል። ፈተና ላይ ግን ገጹ የለም። ደብተሩን ዘግቶ ከራስ ጋር መጠያየቅ ወይም ስፔስ በሚባለው የጥናት ክፍል ውስጥ ቆሞ ለጓደኛ ማስረዳት የበለጠ ያደክማል። የሚይዘውም እሱ ነው። በግቢ ውስጥ «ሰቃይ» የሚባሉትን ጎበዞች ልብ ብሎ ላየ፣ ብዙዎቹ ሌሎችን የሚያስጠኑ ናቸው። ጎበዝ ስለሆኑ ነው የሚያስጠኑት ይባላል። ስለሚያስጠኑም ነው ጎበዝ የሆኑት።

ጂፒኤ፦ የ«በኋላ አሻሽለዋለሁ» ሒሳብ

የፍሬሽ ተማሪ ትልቁ ስህተት «ዘንድሮ ግቢውን ልልመድ፣ በኋላ አሻሽለዋለሁ» የሚለው ነው። ሒሳቡን እንሥራው። አንድ የአራት ዓመት ፕሮግራም 140 ክሬዲት አወር አለው እንበል፤ በዓመት 35። ተማሪው 3.0 ይዞ መመረቅ ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ዓመት በ2.4 ከጨረሰ፣ በቀሩት ሦስት ዓመታት በአማካይ 3.2 ያስፈልገዋል። የሚቻል ነው። እስከ ሁለተኛው ዓመት መጨረሻ በ2.4 ከቆየ፣ የሚያስፈልገው 3.6 ይሆናል። እስከ ሦስተኛው ዓመት ከቆየ ደግሞ በመጨረሻው ዓመት 4.8 ማምጣት አለበት። ጣሪያው 4.0 ነው።

ከ2012 ጀምሮ የፍሬሽማን ዓመት ከተመለሰ ወዲህ ነገሩ ሌላ ክብደት አግኝቷል። ዲፓርትመንት የሚደለደለው ከፍሬሽማን በኋላ ነው። ለድልድሉ ደግሞ የፍሬሽማን ውጤት ትልቅ ድርሻ አለው። ስለዚህ ሎጂክ፣ ጂኦግራፊና አንትሮፖሎጂ «ከሙያዬ ጋር ምን አገናኛቸው?» እየተባሉ የሚናቁ ኮርሶች፣ ሙያው ራሱ የትኛው እንደሚሆን ይወስናሉ። ትንሽ ያስቃል፤ ግን እውነት ነው።

ከታችኛው ጫፍ ደግሞ ለመመረቅ ኩሙሌቲቩ፣ የሁሉም ሴሚስተር አማካይ፣ ቢያንስ 2.00 መሆን አለበት። ማስጠንቀቂያ፣ ዲስሚሳል (ከትምህርት መሰናበት) እና ሪአድሚሽን (ተመልሶ መግባት) የሚወሰኑት «ሴኔት ሌጂስሌሽን» በሚባለው የየዩኒቨርሲቲው ውስጣዊ ሕግ ነው። ከግቢ ግቢ ይለያያል። አብዛኛው ተማሪ ይህን ሰነድ የሚፈልገው ስሙ ከተለጠፈ በኋላ ነው። ያኔ ድሮፕ (ኮርስ መተው) ማድረጊያው፣ የቅሬታ ማቅረቢያውና ዊዝድሮው (የትምህርት ማቋረጫ ፎርም) መሙያው ቀን አልፏል። ታሞ ወይም ቤተሰብ ሞቶበት ሴሚስተሩ እየፈረሰ ያለ ተማሪ በጊዜ ዊዝድሮው ቢሞላ ይሻለዋል። ዝም ብሎ ኤፍ መሰብሰብ የሚመጣው ፎርሙ መኖሩን ካለማወቅ ነው።

«ጂፒኤ ችሎታን አይለካም» የሚሉትስ? ትክክል ናቸው። ግን ጥያቄው ያ አይደለም። ቀጣሪው ሺህ ማመልከቻ ሲደርሰው ሁሉንም አያነብም። ቁጥር አስቀምጦ ከቁጥሩ በታች ያለውን ይጥላል። ጂፒኤ የሚሠራው በዚያች ቅጽበት ነው። ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ከተገኘ በኋላ ስለ ጂፒኤ የሚጠይቅ ቀጣሪ ጥቂት ነው። ስኮላርሺፕ የሚፈልግ ብቻ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይዞራል።

«ሰው ካለህ ነው»

ይህ አባባል ግማሹ እውነት ነው። በወገን የሚሞላ ወንበር አለ። የሌለ ይመስል መጻፍ አንባቢን መናቅ ይሆናል። ሌላው ግማሽ ግን ብዙ አይነገርለትም።

ቀደም ብለን ወዳነሳነው ምልክት እንመለስ። ወረቀቱን ማመን ያቃተው ቀጣሪ የሚያምነውን ሰው ይጠይቃል። «ጥሩ ልጅ ታውቃለህ?» ይላል። አምስት ሠራተኛ ያለው አካውንቲንግ ቢሮ ወይም አንድ ሳይት ያለው ተቋራጭ ማስታወቂያ አውጥቶ 800 ሲቪ ማንበብ አይችልም። በሰው መጠየቁ ለእሱ ርካሽ ማጣሪያ ነው። እዚህ ላይ «ሰው» ማለት አጎት ብቻ አይደለም። ኢንተርንሺፕ ላይ የተቆጣጠረው መሐንዲስ ሰው ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ያማከረው መምህር ሰው ነው። አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣው የዶርም ጓደኛም ሰው ነው።

ስለዚህ ኢንተርንሺፕን «ማህተም አስመትቼ ልምጣ» ብሎ የሚያልፍ ተማሪ፣ አጎት ከሌለው፣ አጎቱን ነው የጣለው። ለድርጅቱ ነፃ እጅ፣ ለተማሪው ደግሞ ሥራውን ያየ ምስክር የሚያስገኝ ሌላ አጋጣሚ በአራት ዓመት ውስጥ የለም። ዲፓርትመንቱ ኢንተርንሺፕ የሌለው ተማሪ በክረምት ራሱ ሄዶ ቢጠይቅ ብዙ ቦታ እምቢ ይባላል። አንድ ቦታ እሺ ከተባለ ይበቃል።

እንግሊዝኛም እዚህ ጋ ይነሳል። ሌክቸሩ በስም እንግሊዝኛ ነው። በተግባር ስላይዱ በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ይሆናል። ተማሪው ትምህርቱ ገብቶታል፤ በእንግሊዝኛ ተናግሮት ግን አያውቅም። በኢንተርቪው ላይ «ስለ ራስህ ንገረን» ሲባል ምላስ የሚታሰረው ለዚህ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ከሁለት ጓደኛ ጋር፣ ሳይተፋፈሩ፣ የራስን ኮርስ በእንግሊዝኛ ማስረዳት ከብዙ የግራመር መጽሐፍ ይሻላል።

ሥራው የት አለ?

ለሃያ ዓመት ገደማ ባንኮች ትልቁን የቢዝነስ ተመራቂ ቁጥር ሲቀጥሩ ኖረዋል። ቅርንጫፍ በተከፈተ ቁጥር ወንበር ይከፈት ነበር። ይህ መንገድ እየተለወጠ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በመስኮት ይሠራ የነበረው ብዙ ነገር ወደ ስልክ ሄዷል። ለውጭ ባንኮች በር የከፈተው አዋጅ ደግሞ በታኅሣሥ 2017 ጸድቋል። ባንክ መቅጠሩን አያቆምም። ግን ገንዘብ ቆጣሪ ሳይሆን የብድር ተንታኝ፣ የዳታ ባለሙያና ሲስተም ጠባቂ መፈለጉ ይጨምራል ብሎ መገመት ይቻላል። አካውንቲንግ የሚማር ተማሪ ኤክሴልን በ«አውቃለሁ» ደረጃ ሳይሆን በእጁ ሠርቶ የሚያሳይበት ደረጃ ላይ ቢደርስ አይከስርም።

ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። በጥቂት ወራት ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የሚከፈል የርቀት ሥራ የሚስበው ለዚህ ነው። «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው ነፃ ሥልጠናም በሐምሌ 2016 ተጀምሯል። ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ፣ የዳታና የኤአይ መሠረታዊ ኮርሶች አሉት። ጥሩ መጀመሪያ ነው። ሰርተፊኬቱ ግን ብዙ ሺህ ሰው የያዘው ሌላ ወረቀት መሆኑን መርሳት የለብንም። የዲግሪው ታሪክ በትንሹ ይደገማል። የሚለየው ከኮርሱ በኋላ የተሠራ፣ የሚታይና የሚሞከር ነገር ነው፤ ለሰፈር ፋርማሲ የተሠራች ትንሽ የዕቃ መመዝገቢያም ብትሆን።

ብዙ ያልተነገረለት ሌላ ለውጥም አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና አሰጣጥ በ2014 ከተለወጠ በኋላ ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ከመቶ። በሬሜዲያል፣ ማለትም በማካካሻ ትምህርት፣ የሚገቡት ቢጨመሩም የገቢው ተማሪ ቁጥር ከቀድሞው በእጅጉ ያነሰ ነው። በ2015 የገቡት የአራት ዓመት ተማሪዎች ከ2018 ጀምሮ ሲመረቁ ከቀደሙት ባቾች ያነሱ ይሆናሉ። በሩ እንደገና ጠቧል ማለት ነው። ዲግሪው የተወሰነ ድምፁን ሊመልስ ይችላል። በሌላ በኩል ከቀደሙት ባቾች ሥራ ሳያገኙ የቆዩት አሁንም ሰልፉ ላይ ናቸው። እፎይታው ቶሎ አይታይም።

የዶርሙ ኑሮ

አብዛኛው ተማሪ ከቤት ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ሁለት ነገር ቶሎ ይበላዋል፤ ሌሊትና ብር። ለፈተና ተብሎ የተጀመረ ጫት ከፈተና በኋላ አይቀርም። ቤቲንግ ደግሞ የዶርም ጨዋታ መስሎ ይገባል። ጨዋታው የተሠራው ቤቱ እንዲያተርፍ ስለሆነ «ዛሬ ይመለሳል» የሚባለው የነን ካፌ ብር፣ በግቢው ካፌ ለማይመገብ ተማሪ በእጁ የሚሰጠው የምግብ ገንዘብ፣ አይመለስም። በሁለቱም ላይ ምክር መደርደር ትርፉ ድካም ነው። የሚሠራው አጠገብ ያለው ሰው ነው። ግቢ ጉባኤ፣ ጀመዓ፣ ፌሎውሺፕ፣ የክበብ ጓደኛ ያለው ተማሪ ሲጠፋ የሚፈልገው ሰው አለው። ከእምነቱ ባሻገር ይህ የራሱ ጥቅም ነው። ብቻውን የሚከርም ተማሪ ከክፍል መቅረቱን ማንም ሳያውቅ ሴሚስተሩ ያልቃል።

ሲወጡ የሚከተለው ሒሳብ

መጀመሪያ ሥራው። ሪፖርተር ጋዜጣ፣ ኢትዮጆብስና የቴሌግራም ቻናሎች ዋናዎቹ የማስታወቂያ ቦታዎች ናቸው። ለምዝገባ ወይም ለሥልጠና ብር አስቀድማችሁ ላኩ የሚል ካለ፣ የሚሸጠው ሥራ ሳይሆን ተስፋ ነው። ሲቀጠሩ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በግል ድርጅት ጡረታ ከደመወዝ 7 ከመቶ ከሠራተኛው ይቆረጣል፤ ቀጣሪው 11 ከመቶ ይጨምራል። የሥራ ግብር ከ2018 የበጀት ዓመት ጀምሮ እስከ 2,000 ብር ባለው ደመወዝ ላይ የለም። የተስማሙበት ደመወዝ ተቆራጩ ሳይነሳ ነው ወይስ ተነስቶ? ይህን ሳይጠይቁ መፈረም በመጀመሪያው ወር ያስደነግጣል።

ቀጥሎ ኮስት ሼሪንግ ይመጣል። ከ1996 ጀምሮ ያለ የወጪ መጋራት ሥርዓት ነው። ተማሪው የምግብና የማደሪያውን ወጪ፣ ከትምህርቱም የተወሰነ ድርሻ፣ ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ እየከፈለ ይመልሳል። በየዓመቱ ፎርም ይፈረማል። ብዙዎች ሳያነቡ ይፈርማሉ። የዕለት የምግብ በጀቱ በ2017 ከ22 ብር ወደ 100 ብር ሲያድግ ግቢው ሁሉ ተደስቷል፤ ሳህኑም ተሻሽሏል። ግን ምግብ በወጪ መጋራቱ ውስጥ ያለ ነገር ነው። በአሥር ወር ሲሰላ 6,600 ብር የነበረው 30,000 ብር ይደርሳል። የዕዳው ነገር ከወዲሁ መታሰብ አለበት።

ዕዳው የሚታወሰው ብዙ ጊዜ ኦሪጅናል ዲግሪው ወይም ወደ ውጭ የሚላከው ትራንስክሪፕት ሲፈለግ ነው። ያኔ ክፍያው መጠናቀቁን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። የስኮላርሺፑ ቀነ ገደብ ሊያልፍ አሥር ቀን ቀርቶት ከሪጅስትራር ወደ ገቢዎች፣ ከገቢዎች ወደ ቀድሞ ቀጣሪ የሚመላለስ ተመራቂ ጥቂት አይደለም። ቀጣሪው ከደመወዝ ሲቆርጥ ደረሰኝ መጠየቅ፣ በየዓመቱ የተፈረመውን ፎርምም በስልክ ፎቶ አንስቶ ለራስ ኢሜይል መላክ ይህን ምልልስ በግማሽ ያሳጥረዋል።